አሥር ድርሻ ጐደለ

«ሥራ መለወጥ» ሲባል ለብዙዎቻችን ቀላል ነገር ይመስለናል። ትናንት እህል ይሸጥ የነበረ ሰው ዛሬ ጨው ቢሸጥ፣ ጨው ይሸጥ የነበረውም ነገ ቆርቆሮ ቢያመጣ፣ «ነጋዴ ነውና የሚያዋጣውን ያውቃል» ብለን እናልፋለን። እኔም እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ እንዲሁ አስብ ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው ብቻውን የሚነግደው ንግድና ብዙ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ ተፈራርመውና አስመዝግበው የሚነግዱት ንግድ አንድ እንዳልሆነ የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ እጄ ከጻፍሁት አንድ ወረቀት ነው። የዚያን ወረቀት ታሪክ ባልናገር እወድ ነበር፤ ዳሩ ግን የኔን ስሕተት አንብቦ አንድ ሰው እንኳ ቢጠነቀቅ ይሻላል ብዬ ጻፍሁት።

እኔ በደሴ ከተማ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ከዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ተመርቄ ጠመኔ ከጨበጥሁ ገና ጥቂት ዓመት ነው፤ ዕድሜዬም ከሃያ አምስት ብዙ አልራቀም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጦሳ ተራራ ሥር በብርድ እየተንቀጠቀጥሁ አስተምርና ቅዳሜ ጧት የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ወላጆቼ ዘንድ ወደ ኮምቦልቻ እሄዳለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን ደሴ ላይ ካፖርት ደርቦ የተሳፈረ ሰው ቦርከናን ሲያይ ካፖርቱን በክንዱ አንጠልጥሎ ይወርዳል። የሚለወጠውም አየሩ ብቻ አይደለም። ደሴ ላይ የማወራው ስለ ፈተናና ስለ ተማሪ ነው፤ ኮምቦልቻ ስደርስ ግን የቤታችን ወሬ ሁሉ የንግድ ወሬ ነው።

የቤተሰባችን እንጀራ ይገኝ የነበረው ከአንድ የእህል መጋዘን ነው። አባቴና ሁለት ወንድሞቻቸው ገንዘባቸውን አዋጥተው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቋሙ። ዋናው ገንዘብ 200,000 ብር ሲሆን፣ እያንዳንዱ 1,000 ብር በሚያወጣ 200 ድርሻ ተከፈለ። መካከለኛው አጎቴ ሥራ አስኪያጅ ሆነው 100 ድርሻ ያዙ፤ ታላቅየው 60፣ አባቴም 40 ያዙ። በመመሥረቻው ጽሑፍ «የማኅበሩ ዓላማ» በሚለው አንቀጽ ሥር የሰፈረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእህልና የጥራጥሬ ጅምላ ንግድ። የቃሉ ገበሬ ማሽላውን፣ ጤፉንና ማሾውን ጭኖ ያመጣል፤ አጎቴ ይመዝናሉ፤ አባቴ ይጽፋሉ፤ ታላቁ አጎቴ ደግሞ ደሴ ተቀምጠው ይሸጣሉ። ታላቁ አጎቴ ባረፉ ጊዜ ድርሻቸው በሕግ በባለቤታቸው ስም ተዛወረ። እኚህን ሴት እኛ የቤተሰቡ ልጆች ሁሉ «እትዬ» እንላቸዋለን። ፊደል አልቆጠሩም፤ በሒሳብ ግን ማንም አያታልላቸውም።

ከዚያ 2014 ዓ.ም. መጣ። በጥቅምት ወር መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ኅዳር እስኪያልቅ ድረስም ሁለቱ ከተሞች በመከራ ውስጥ ቆዩ። እኛም እንደ ሌላው ሰው መጋዘኑን ቆልፈን በእግራችን ወጣን። በተመለስን ጊዜ ቁልፉ በአባቴ ኪስ ነበር፤ በሩ ግን አልነበረም። ሚዛኑ ተወስዷል፤ እህሉም የለም። የቀረው ወለሉ ላይ የፈሰሰ ጥቂት ማሽላና ከመሳቢያ የተበተነ ወረቀት ነው። አባቴ አጐንብሰው ከወረቀቱ መካከል አንድ ደብተር አነሡና በጋቢያቸው ጠቅልለው ወሰዱት። እኔ ያን ጊዜ ተማሪ ነበርሁና ደብተሩ ምን እንደ ሆነ አልጠየቅሁም።

ማኅበሩ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል እየተንገዳገደ ቆየ። በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር አንድ ቅዳሜ አጎቴ ጠሩኝና፣ «ስማ ልጄ፣ የእህል ነገር በቃን። አገሩ ሁሉ የፈረሰበትን እየሠራ ነው። ማኅበሩን ወደ ብሎኬት ማምረት እናዙረው። የማሽኑን ቀብድ ከፍያለሁ። አንተ የተማርህ ነህ፤ ወረቀቱን ጨርስልኝ» አሉኝ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ዛሬም መልካም ነው እላለሁ። የተማረ ልጅ መባሉም፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አሰኘኝ።

«ወረቀቱ» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ግን አንባቢ እንዲያውቀው በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። አንደኛ፣ ማኅበርተኞቹ ተጠርተውና ተሰብስበው የማኅበሩን ዓላማ ለመለወጥ ይወስናሉ፤ ውሳኔውም በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። የእኛ መመሥረቻ ጽሑፍ ለዚህ ዓይነቱ ለውጥ ከዋናው ገንዘብ ሦስት አራተኛውን የያዙ ማኅበርተኞች እንዲስማሙ ያዛል። ሁለተኛ፣ ቃለ ጉባኤውና የተሻሻለው ጽሑፍ ሰነድ አረጋጋጭ ፊት ቀርበው ይረጋገጣሉ። ሦስተኛ፣ ለውጡ በንግድ መዝገብ ይገባል፤ አዲስ የንግድ ሥራ ፈቃድም ይወጣል። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ፈቃድን ለተለየ የሥራ መስክ የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ ለእህል የወጣ ፈቃድ ለብሎኬት አያገለግልም፤ የእህሉን ፈቃድ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ብሎኬት የሚያመርት ሰው ለቅጣት ራሱን ያጋልጣል። አራተኛ፣ ሥራው ማምረቻ ሲሆን ቦታው ይታያል፤ አቧራው ወዴት ይሄዳል፣ ውኃው በማን ደጅ ይፈሳል፣ ጩኸቱ ማንን ይረብሻል ተብሎ ይጠየቃል። አምስተኛ፣ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ከፋይ እንዲህ ያለውን ለውጥ በ30 ቀን ውስጥ ለግብር መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ያዛል። በዚህ ላይ የመድን ውልና የባንክ ብድር ያለበት ሰው ለሁለቱም መንገር አለበት፤ ለእህል መጋዘን የተገባ የመድን ውል የብሎኬት ማሽን ሲቃጠል ክርክር ያመጣልና።

ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ዘርዝሬ ሳነብላቸው አጎቴ «ተባረክ!» አሉኝ። ከመጀመሪያው መስመር ላይ ግን ሁለታችንም አልቆምንም።

ቃለ ጉባኤውን በዚያው ማታ አረቀቅሁት። «ማኅበርተኞች ሁሉ በተገኙበት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብዬ ጻፍሁ። እትዬ ግን አልተገኙም፤ አልተጠሩምም። ስለ እሳቸው ብጠይቅ አጎቴ፣ «እሷ እኅቴ ማለት ናት። ባሏ ሲሞት ውክልና ሰጥታኛለች፤ እኔ እፈርምላታለሁ» አሉ። አባቴን ተመለከትሁ፤ አባቴ የቡና ስኒያቸውን ተመለከቱ። እኔም ዝም አልሁ። ሰኞ ጧት ክፍል ገብቼ «ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው» ብዬ በሰሌዳ ላይ የጻፍሁት በዚያው እጄ ነው።

በሳምንቱ ሰነድ አረጋጋጩ ፊት ቀረብን። ሰውየው በዕድሜ ከኔ እምብዛም የማይበልጥ ነው። ቃለ ጉባኤውንና ውክልናውን ጐን ለጐን ዘርግቶ ቀስ ብሎ አነበበና፣ «ይህ ውክልና ለውርስ ጉዳይ ብቻ የተሰጠ ነው፤ በማኅበር ስብሰባ ድምፅ ይስጥልኝ አይልም። ጽሑፉ ደግሞ ሁሉም ተገኝተዋል ይላል። ባለ ስድሳ ድርሻዋ የት አሉ?» ብሎ ጠየቀ። አጎቴ «አሟት ነው» አሉ። ሰውየው ወረቀቱን እየመለሰ፣ «እግዜር ይማራቸው። ሲሻላቸው ይምጡ፤ አለዚያም ለዚሁ ጉዳይ ውክልና ይስጡ» አለ። ከዚያም «ማን ነው ያረቀቀው? ቋንቋው ያምራል» አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የሚያቃጥል ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ቤት ስንመለስ በጣቴ ቈጠርሁ። የአጎቴ 100፣ የአባቴ 40፣ በድምሩ 140። ሦስት አራተኛው 150 ነው። አሥር ድርሻ ጐደለ።

አጎቴ ግን ተስፋ የሚቈርጡ ሰው አይደሉም። በሳምንቱ ደግሞ፣ «አዲሱ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር ማቋቋም ይችላል ይላል አሉ። እኔ የራሴን አቋቁሜ ማሽኑን በዚያ እተክላለሁ። አሮጌው ማኅበር ባዶውን ይቀመጥ» አሉኝ። ይህም እውነትነት አለው። አገራችን በ1952 ዓ.ም. የተሟላውን የንግድ ሕግ ስታወጣ፣ ረቂቁን የጀመሩት ዣን ኤስካራ የተባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ነበሩ፤ እሳቸው ሳይፈጽሙት ስላረፉ አልፍሬድ ዦፍሬ የተባሉት የአገራቸው ሰው ጨረሱት። በዚያ ሕግ እንደ እኛ ያለውን ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። ኋላ በደርግ ዘመን፣ በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የግል ነጋዴ ከአንድ ፈቃድ በላይ እንዳይዝ ከልክሎ ለካፒታሉም ጣራ አበጀለት፤ የቤታችን ሽማግሌዎች «ሁለት ሥራ» የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚናገሩት ከዚያ ዘመን በተረፈ ፍርሃት ይመስለኛል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ በእርግጥ ባለ አንድ አባል ማኅበርን ፈቅዷል።

ነገር ግን አሮጌውም ሕግ አዲሱም ሕግ በአንድ ነገር ይስማማሉ። እንደ እኛ ያለው ማኅበር ሲመዘገብ ከባለቤቶቹ የተለየ የራሱ ሰውነት ይኖረዋል፤ በስሙ ንብረት ያፈራል፤ በስሙ ይከሳል፤ በስሙም ይከሰሳል። የሥራ መስኩን ቢለውጥ ያው ማኅበር ነው። ሰው ካፖርቱን አውልቆ ጋቢ ቢለብስ ብድሩ እንደማይሰረዝለት ሁሉ፣ የእህል ማኅበር የብሎኬት ማኅበር ቢሆን ዕዳው አብሮት ይሄዳል። ማኅበሩ ይፍረስ ቢባል እንኳ፣ ባለቤቶቹ የተረፈውን ከመካፈላቸው በፊት ባለ ዕዳ የሆነባቸው ሰዎች ይከፈላቸዋል። ይህን በክፍል ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ኩባንያ ሰው ከሆነ ኅሊና አለው ወይ?» አለችኝ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ ግን የዕለቱ ትምህርት አብቅቷል ብዬ ወጣሁ።

«ለምን ይሆን አጎቴ እትዬን እንዲህ የሚሸሹት?» ብዬ አባቴን የጠየቅኋቸው በዚያው ቅዳሜ ነው። አባቴ ምንም ሳይመልሱ ከሣጥን ውስጥ ያንን ደብተር አወጡ። ከጦርነቱ ጥቂት ቀን በፊት ሰባት ገበሬዎች 46 ኩንታል እህል አስገብተዋል። ተመዝኗል፤ ዋጋውም ተጽፏል፤ ደረሰኝም ተሰጥቷል። ክፍያው ግን ለሚቀጥለው የገበያ ቀን ተቀጥሮ ነበር። ያ የገበያ ቀን አልመጣም። እትዬ ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ «የሰዎቹ ነገር እንዴት ሆነ?» እያሉ ይጠይቃሉ፤ አጎቴም በየበዓሉ ወሬ ይለውጣሉ። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። አጎቴ ሊለውጡት የፈለጉት የሥራውን መስክ ብቻ አልነበረም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ደሴ፣ እትዬ ቤት ሄድሁ። ቡና ተፈልቶ ነበር። አቦሉን ጠጥቼ ቶናው ሲቀዳ ቃለ ጉባኤውን ከኪሴ አወጣሁና አነበብሁላቸው። «ሁሉ በተገኙበት» ከሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ጠፋ። እትዬ ረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ስሜን ያለ እኔ ጻፍኸው?» አሉኝ። «አዎን እትዬ፣ ጻፍሁት። ይቅር በሉኝ» አልኋቸው። ፍም እየቈሰቈሱ፣ «አብሽር ልጄ፣ መጥተህ ነገርኸኝ። እኔ ብሎኬቱን አልጠላሁትም። ግን የሰው ሐቅ ከሥሩ ተቀብሮ በላዩ የሚሠራ ቤት ይቆማል ወይ? የገበሬዎቹ ነገር በዚያው ወረቀት ይጻፍና ጣቴን አኖራለሁ። ካልተጻፈ፣ ወላሂ፣ አልነካውም» አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እትዬ ሐረጎን ወርደው መጡ። ማኅበሩ ከተቋቋመ ወዲህ ሁሉም ተጠርተው የተሰበሰቡት ያን ዕለት ሳይሆን አይቀርም። አጎቴ በጣም ተቈጡ። «እህሉ ተዘረፈ እኮ! እኛስ አልተዘረፍንም? የኛን ማን ከፈለን?» አሉ። ይህ ንግግር እውነት ነበረበትና ማንም ቶሎ አልመለሰም። በመጨረሻ የተናገሩት፣ ሁልጊዜ ዝም የሚሉት አባቴ ናቸው። «ወንድሜ፣ ሚዛኑን የያዝኸው አንተ ነህ፤ ደረሰኙን የጻፍሁት እኔ ነኝ። እህሉ ከሚዛን ወርዶ መጋዘን ከገባ በኋላ የኛ ነበር። የተዘረፍነው እኛ ነን እንጂ እነሱ አይደሉም። እነሱን የዘረፍናቸው፣ ሳንከፍል ከቀረን፣ እኛ ነን» አሉ።

ድምፅ ይሰጥ ቢባል የአባቴ 40 እና የእትዬ 60 በአንድ ወገን፣ የአጎቴ 100 በሌላ ወገን ሆኖ እኩል ለእኩል ነው። አጎቴ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሰላምታ አልሰጡኝም፤ በሰው በኩል «ያ ሕግ አዋቂ» እያሉ እንደሚጠሩኝ ብቻ ሰማሁ። ማሽን ሻጩም ቀብዱ እንዳይቃጠል ቀን ቈረጠላቸው። ያን ጊዜ ብዙ ተጨነቅሁ። እውነት በመናገሬ የአጎቴን ገንዘብና የቤተሰቡን ፍቅር አብሬ ያጠፋሁ መሰለኝ።

ነገሩን የፈታው የሕግ አንቀጽ አይደለም። ከሰባቱ ገበሬዎች አንዱ ለገበያ ኮምቦልቻ መጥተው አጎቴን ባዶው መጋዘን በር ላይ አገኟቸው። ሰላምታ ከተሰጣጡ በኋላ፣ «ብሎኬት ልትሠሩ ነው አሉ። ያቺ ያለችኝ ነገር ስንት ብሎኬት ትሆንልኛለች? ግድግዳዬ እንደ ወደቀ ነው» አሏቸው። አልከሰሱም፤ አልተሳደቡም። አጎቴ በዚያው ማታ ወደ ቤታችን መጥተው ተቀመጡና፣ «ሰውየው ደረሰኙን እስከ ዛሬ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ይዞታል» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

ሁለተኛውን ቃለ ጉባኤ የጻፍሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ውሳኔ የማኅበሩን ዓላማ የሚለውጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለሰባቱ ገበሬዎች ያለውን ዕዳ በስማቸውና በመጠኑ ዘርዝሮ በሦስት ጊዜ እንዲከፈል የሚያዝ ነው። በዋጋው ላይ ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሣ። አጎቴ በደረሰኙ ላይ የተጻፈውን ብር እንክፈል አሉ፤ እትዬ ግን «የዚያን ጊዜ ብር የዛሬን ማሽላ አይገዛም» አሉ። በመጨረሻ ከሁለቱ ዋጋ መካከል ላይ ተስማሙ። እትዬ በሰነድ አረጋጋጩ ፊት ጣታቸውን ቀለም ነክረው ሲያሳርፉ፣ ያው ወጣት ወረቀቱን አንብቦ ቀና አለና «እንኳን ተሻለዎት» አላቸው። እትዬ ነገሩ አልገባቸውም፤ እኔና አጎቴ ግን መሬት መሬት አየን።

የቀረው ሥራ ትዕግሥት ብቻ የሚፈልግ ነበር። ለውጡ በንግድ መዝገብ ገባ፤ የእህሉ ፈቃድ ተመልሶ የብሎኬቱ ወጣ፤ ቦታው ታየ፤ የማጠቢያው ውኃ ወደ ጎረቤት እንዳይፈስ ቦይ እንድንቈፍር ታዘዝን፤ ቈፈርንም። ለግብር መሥሪያ ቤቱ በቀኑ አስታወቅን፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችን ግን ያው የድሮው ነው፤ ማኅበሩ ያው ማኅበር ነውና። ማሽኑ ከክረምቱ በፊት ተተከለ። ከሰባቱ ገበሬዎች አምስቱ ገንዘባቸውን ወሰዱ፤ አንደኛው ብሎኬት ወሰዱ። ሰባተኛውን ግን እስካሁን አላገኘናቸውም፤ ከጦርነቱ በኋላ ቀዬአቸውን ለቀው ሄደዋል አሉ። ገንዘባቸው በባንክ ተቀምጧል። አጎቴ ራሳቸው በየገበያው ቀን ከቃሉ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ስለ እሳቸው ይጠይቃሉ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንተም ከወንድምህ ወይም ከጓደኛህ ጋር ማኅበር ያለህ እንደ ሆነ፣ የሥራ መስክህንም ለመለወጥ ያሰብህ እንደ ሆነ፣ ከኔ አንድ ምክር ተቀበል። ማሽን ከመግዛትህና ቀብድ ከመክፈልህ በፊት የመመሥረቻ ጽሑፍህን አውጥተህ አንብብ። ለለውጡ የሚያስፈልገውን ድምፅ ቈጥረህ እወቅ። ትንሽ ድርሻ ያለውንም ሰው ጥራ፤ ፊደል ያልቆጠረ ከሆነ ደግሞ ቁጭ ብለህ አንብብለት። ሰነድ አረጋጋጩ፣ መዝጋቢውና ግብር ሰብሳቢው እንቅፋት ሊሆኑህ የተቀመጡ መስለው ቢታዩህ፣ እኔን አስብ። በዚያ ቀን ያ ወጣት ማኅተሙን ዝም ብሎ አትሞልኝ ቢሆን ኖሮ፣ የእትዬን ድምፅና የሰባት ሰዎችን ሐቅ የቀበርሁት በቆንጆ አማርኛ ነበር።

የመጀመሪያውን ቃለ ጉባኤ አልቀደድሁትም። በትምህርት ቤት ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። ያቺ ተማሪ ዘንድሮ ከፍ ወዳለው ክፍል ተዛውራለች፤ ጥያቄዋንም ሳትረሳው አትቀርም። አንድ ቀን በመንገድ ባገኛት፣ ኩባንያ የራሱ ኅሊና እንደ ሌለው፣ ሲሰበሰቡ የተጠሩትን ሰዎች ኅሊና ያህል ብቻ እንዳለው እነግራታለሁ። እኛም አንዷን ሳንጠራ ቀርተን ነበር።